«የፀሐይ እርሻ» ደንብ ሲወጣ እኛ የት ነበርን?

ዛሬ የማነሳው ጉዳይ ስሙን ሲሰሙት እንቅልፍ ያመጣል። ዞኒንግ ይባላል። በአማርኛ የመሬት አጠቃቀም ደንብ ብንለው ያስኬዳል። የትኛው መሬት ላይ ቤት ይሠራ፣ የትኛው ላይ ሱቅ ይከፈት፣ የትኛው ላይ በቆሎ ይዘራ የሚለውን የሚወስነው እሱ ነው። ሲልቨር ስፕሪንግ ላይ ምግብ ቤት ለመክፈት የሞከረ ወገናችን ዞኒንግን በደንብ ያውቀዋል፤ በአንድ ወረቀት ምክንያት ስንት ጊዜ ተመላልሷል። የቀረነው ግን «የባለ ቤቶችና የባለ መሬቶች ጣጣ ነው፣ እኛ ተከራዮች ነን» ብለን ትተነዋል። በእኔ እምነት ይህ አስተሳሰብ በየወሩ ከኪሳችን ገንዘብ እያስወጣን ነው። እንዴት እንደሆነ ላስረዳ። (ከአንድ ቦታ በስተቀር ዓመተ ምሕረቶቹ እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው።)

ከመብራት ቢላችን እንነሣ። ከጁን 2025 ጀምሮ ቢላችሁ ያሻቀበባችሁ ሁሉ፣ ማሞቂያውና ማቀዝቀዣው ላይ ብቻ አትፍረዱ። ሜሪላንድን ጨምሮ በ13 ስቴቶችና በዋሽንግተን ዲሲ የመብራት ኃይልን የሚያስተባብር ፒጄኤም የሚባል ድርጅት አለ። ይህ ድርጅት ወደፊት ለሚያስፈልገው የማመንጨት አቅም አስቀድሞ ጨረታ ያወጣል። ለ2024-25 ዘመን የወጣው ዋጋ ለአንድ ሜጋዋት በቀን 28.92 ዶላር ነበር። በጁላይ 2024 ለተከታዩ ዘመን በተደረገው ጨረታ 269.92 ዶላር ገባ። ከዘጠኝ እጥፍ በላይ ማለት ነው! በጁላይ 2025 ደግሞ ለ2026-27 ዘመን 329.17 ዶላር ደረሰ። ምክንያቱ ብዙ ነው። አሮጌ ጣቢያዎች ይዘጋሉ፤ አዲሶቹ ከመስመሩ ጋር ለመገናኘት ለዓመታት ወረፋ ይጠብቃሉ፤ ከፖቶማክ ማዶ በሰሜን ቨርጂኒያ የተደረደሩት የኮምፒዩተር መጋዘኖች፣ ዳታ ሴንተር የሚሏቸው፣ ቀንና ሌሊት መብራት ይውጣሉ። ሜሪላንድ ደግሞ ከምትጠቀመው ኃይል 40 በመቶ ያህሉን ከሌላ ስቴት የምታስገባ አገር ናት። የራሱ ጎተራ የሌለው ሰው ገበያው ሲወደድ የሚሆነውን እናውቃለን።

እንግዲህ ቶሎ ሊተከል የሚችለው ምንድነው? ኒውክሊየር አሥር ዓመትና ከዚያም በላይ ይፈጃል። የጋዝ ተርባይን ለማግኘትም ወረፋ ነው። የፀሐይ ፓነል ግን ፈቃዱ ካለቀ በወራት ውስጥ ቆሞ ማመንጨት ይጀምራል። «ፈቃዱ ካለቀ» የምትለውን ቃል ያዙልኝ፤ ነገሩ ሁሉ እሷ ላይ ነው።

እዚህ አገር «የፀሐይ እርሻ» ይሉታል። የሚዘራበት የለም፣ የሚታጨድበት የለም፣ እርሻ መባሉ ብቻ ነው። ለአንድ ሜጋዋት እንደ አቀማመጡ ከ5 እስከ 10 ኤከር መሬት ይፈልጋል። በአገራችን ልክ አንድ ጋሻ 40 ሄክታር፣ ማለትም ወደ 100 ኤከር ይጠጋል ካልን፣ በአንድ ጋሻ መሬት ላይ ከ10 እስከ 20 ሜጋዋት ይተከላል። ስለዚህ ሰፊ ሜዳ ይፈልጋል። ሰፊ ሜዳ ያለው ደግሞ ገበሬ ዘንድ ነው። ጠቡም የሚጀምረው ከዚያ ነው።

«ይህ ለእኛ ምናችን ነው? የራሳችን ጣሪያ እንኳ የለን» የሚል አይጠፋም። ጉዳዩ የእኛ የሚሆነው ጣሪያ ስለሌለን ነው። ሜሪላንድ በ2015 በሙከራ የጀመረችው፣ በ2023 በሕግ ቋሚ ያደረገችው አሠራር አለ። የማኅበረሰብ ፀሐይ እንበለው። በአፓርትመንት የሚኖር ሰው ራቅ ብሎ ከተተከለ ጣቢያ ድርሻ ይመዘገባል፤ ጣቢያው ከሚያመነጨው የእሱ ድርሻ በመብራት ቢሉ ላይ ይቀነስለታል፤ ለድርሻው የሚከፍለው ከሚቀነስለት ያነሰ ስለሚሆን ልዩነቱ ይተርፈዋል። ፓነል ግዙ አይባልም፣ ጣሪያ ላይ ውጡ አይባልም። ከዚህም በላይ የ2023ቱ ሕግ እያንዳንዱ ጣቢያ ቢያንስ 40 በመቶ የሚሆነውን ምርቱን ዝቅተኛና መካከለኛ ገቢ ላላቸው ቤተሰቦች እንዲመድብ ያዛል። የእኛን ማኅበረሰብ ታክሲ ነጂውን፣ የፓርኪንግ ሠራተኛውን፣ በነርሲንግ ሆም ሌሊት የምታድረውን እህታችንን ቁጠሩና ይህ 40 በመቶ ለማን እንደተጻፈ ፍረዱ።

ታዲያ አንድ ቁልፍ ነገር አለ። ድርሻውን የምትወስዱት መብራት ከሚያቀርብላችሁ ኩባንያ ክልል ውስጥ ከተተከለ ጣቢያ ብቻ ነው። የፔፕኮ ደንበኛ ከፔፕኮ ክልል ውጪ ከተተከለ ጣቢያ ድርሻ ሊኖረው አይችልም። የፔፕኮ የሜሪላንድ ክልል ደግሞ በአብዛኛው ሞንትጎመሪና ፕሪንስ ጆርጅስ ካውንቲ ነው። ስለዚህ እነዚህ ሁለት ካውንቲዎች «እኛ መሬት ላይ ፓነል አይተከልም» ካሉ፣ በዊተንና በላንግሊ ፓርክ አፓርትመንት ውስጥ ላለው ሰው ድርሻ የሚባለው ነገር ወረቀት ላይ ይቀራል ማለት ነው። ዞኒንግና የእኛ ቢል የሚገናኙት እዚህ ላይ ነው።

ከዚህ ላይ አንድ ጥርጣሬ እንዳለ አውቃለሁ፤ እኔም አልፈርድም። በምኖርበት ሕንጻ ደረቱ ላይ ባጅ ያንጠለጠለ ጎረምሳ በር እያንኳኳ «ቢላችሁን ላሳንስላችሁ» ሲል ከርሞ ነበር። እንግሊዝኛ የማያነቡ አንዲት እናት ፈርመውለት፣ ከጥቂት ወራት በኋላ ቢላቸው ከበፊቱ በልጦ መጣ። ያ ሰውየ የሚሸጠው ግን ሌላ ነገር ነበር፤ ከሦስተኛ ወገን የሚገዛ መብራት ነው። በ2024 ስቴቱ ይህን ዓይነቱን ንግድ የሚያጠብቅ ሕግ አውጥቷል። የማኅበረሰብ ፀሐይ ከዚያ የተለየ ነው፤ ሁለቱን በአንድ ዓይን ማየት የለብንም። ያም ሆኖ ውል ከመፈረም በፊት ሁለት ጥያቄ መጠየቅ ይገባል። ቅናሹ በመቶ ስንት እንደሆነ ተጽፏል? ውሉን ለማቋረጥ መቀጫ አለው? መልሱን በጽሑፍ ያልሰጠ ሰው በሩ ይዘጋበት።

ወደ መሬቱ እንመለስ። ሞንትጎመሪ ካውንቲ ከአንድ ሚሊዮን በላይ ሕዝብ አለው። ከሲልቨር ስፕሪንግ ወጥቶ የማያውቅ ሰው ሁሉም ሕንጻና አስፋልት ይመስለዋል። በመኪና 40 ደቂቃ ወደ ሰሜን ምዕራብ፣ ወደ ፑልስቪልና ወደ ዲከርሰን ቢሄድ ግን በቆሎ፣ አኩሪ አተር፣ ፈረስና ድርቆሽ ያያል። ይህ በአጋጣሚ የተረፈ አይደለም። በ1980 ካውንቲው 93,000 ኤከር ያህል መሬት፣ ማለትም የካውንቲውን አንድ ሦስተኛ የሚጠጋ፣ የእርሻ ጥብቅ ክልል አድርጎ በማስተር ፕላን ከለለው። በዚህ ክልል በየ25 ኤከሩ ከአንድ ቤት በላይ አይሠራም። የመሬቱ ባለቤት በዚህ የሚያጣውን ጥቅም የሚካስበት ዘዴም ተበጀ። ቤት የመሥራት መብቱን በየ5 ኤከሩ አንድ እየቆጠረ ከተማ ውስጥ ለሚገነባ ባለሀብት ይሸጠዋል፤ ባለሀብቱ ደግሞ በዚያ መብት ከተማው ውስጥ ተጨማሪ ቤት ይሠራል። ብልህ ሥራ ነው፤ ሳላመሰግን አላልፍም። ዋሽንግተንን ያህል ከተማ ጎን ይህን ያህል የእርሻ መሬት ያቆየ ቦታ ብዙ የለም።

በ2020 መጀመሪያ የካውንቲው ምክር ቤት አንድ የማሻሻያ ሐሳብ ቀረበለት። በዚህ ጥብቅ ክልል ውስጥ እስከ 2 ሜጋዋት የሚደርሱ የፀሐይ ጣቢያዎች ይፈቀዱ፤ ጠቅላላ ስፋታቸውም ከ1,800 ኤከር አይበልጥ የሚል ነበር። 1,800 ኤከር ከ93,000 ኤከር ውስጥ ሁለት በመቶ እንኳ አይሞላም። በጋሻ ብንቆጥረው ከ900 ጋሻ በላይ ከሆነው ውስጥ 18 ጋሻ መሆኑ ነው። ክርክሩ አንድ ዓመት ወሰደ። በአንድ ወገን የአየር ንብረት ተቆርቋሪዎች፣ በሌላው ገበሬዎችና የክልሉ ጠባቂዎች ተሰለፉ። በ2021 መጀመሪያ ደንቡ ጸደቀ፤ ሲጸድቅ ግን አንደኛና ሁለተኛ ደረጃ የሚባለው አፈር ላይ ፓነል መትከል ተከለከለ፤ እያንዳንዱ ጣቢያም በጉዳይ ሰሚ ሹም ፊት ለየብቻው እንዲፈቀድ ተደረገ።

አፈሩ የሚመደበው በፌዴራል እርሻ መሥሪያ ቤት ደረጃ ከአንደኛ እስከ ስምንተኛ ነው። አንደኛው ምርጥ፣ ስምንተኛው ለእርሻ የማይሆን። ችግሩ የዚህ ክልል ሜዳ ብዙው ሁለተኛ ደረጃ መሆኑ ነው። የቀረው መሬት ወይ ዳገት ነው፣ ወይ ጫካ ነው፣ ወይ ወንዝ ዳር ነው፤ እነዚያ ላይ ደግሞ ሌላ ክልከላ አለ። እንግዲህ በአንድ እጅ «ተፈቅዷል» ብሎ በሌላው እጅ መንሳት ይህ አይደለም ወይ? አንደኛ ደረጃ አፈር ይከልከል፤ እስማማለሁ። ሁለተኛውን ግን ሙሉ በሙሉ ከመዝጋት ይልቅ በመጠን ቢፈቀድ፣ ከሥሩ በግ ቢሰማራበት ወይም ለንብ የሚሆን አበባ ቢዘራበት ምን ነበረበት? ፓነል እኮ በብረት ቋሚ የሚተከል ነው፤ ዕድሜው ሲያልቅ ተነቅሎ መሬቱ ይታረሳል። አስፋልትና ቤት የወደቀበት መሬት ግን ወደ እርሻ አይመለስም። ደግሞም «ይህ ክልል የኃይል ማመንጫ አይቶ አያውቅም» የሚል ክርክር ከተነሣ እውነት አይደለም። ዲከርሰን ላይ ከ1959 ጀምሮ ድንጋይ ከሰል የሚያነድ ጣቢያ ነበር፤ የከሰል ምድጃዎቹ የተዘጉት በ2020 ነው። ስልሳ ዓመት ሙሉ ጭሱ ሲወጣ አፈሩ ትዝ አላለም።

አሁን ራሳችንን የምጠይቀው ጥያቄ ይህ ነው። በዚያ አንድ ዓመት ክርክር ውስጥ የአፓርትመንት ተከራይ ድምፅ የት ነበር? የማስበው ስለራሳችን ነው። በዚህ ካውንቲ ማስታወቂያው፣ የትምህርት ቤቱ ደብዳቤ፣ የጤናው ወረቀት በአማርኛ ይወጣል። በአማርኛ የሚጻፍልን ቁጥራችን ስለታወቀ ነው። ቁጥራችን ታውቆ ድምፃችን ካልተሰማ ጥፋቱን ሁሉ ለፈረንጅ ልንሰጥ አንችልም።

«ማስተር ፕላን» የሚለው ቃል በኢትዮጵያዊ ጆሮ ምን እንደሚያመጣ ከእኔ ይልቅ እናንተ ታውቃላችሁ። አዲስ አበባንና በዙሪያዋ ያሉትን የኦሮሚያ ከተሞች ያስተሳስራል የተባለው ማስተር ፕላን በ2014 ተቃውሞ አስነሣ፤ በኖቬምበር 2015 እንደገና ተቀጣጠለ፤ ሰው ሞተ፣ ሰው ታሠረ፤ በጃንዋሪ 2016 ዕቅዱ ተሰረዘ ተባለ። ያን ጊዜ ገበሬው «መሬቴ ላይ ምን ሊሠራ ነው?» ብሎ የሚጠይቅበት ወንበር አልነበረም። ጠይቆ የጻፈ ጋዜጠኛም የደረሰበትን ይህን ጽሑፍ ከሚያነቡት መካከል የሚያውቁት አሉ። እዚህ ግን ያው ማስተር ፕላን የሚባለው ነገር ሊሻሻል ሲል ማስታወቂያ ይወጣል፣ ቀን ይቆረጣል፣ የፈለገ ሰው ተመዝግቦ ሦስት ደቂቃ ይናገራል። ዜግነት አይጠየቅም። ግሪን ካርድ አይጠየቅም። ሦስት ደቂቃ ምን ታደርጋለች አትበሉ። በዚያ ክርክር የሁለተኛ ደረጃ አፈርን ያስከለከሉት ሰዎች የታጠቁት ይህችኑ ሦስት ደቂቃና ተደጋጋሚ ደብዳቤ ነው። መጡ፣ ተናገሩ፣ ተመልሰው መጡ። አላማቸውን ብቃወምም ትጋታቸውን አደንቃለሁ። እኛ ዘንድ «ዝም አይነቅዝም» ይባላል፤ በዞኒንግ ግን ዝም ያለ ሰው በሌለበት ይፈረድበታል።

ተቃዋሚዎቹን ሁሉ ድሃ ጠልና ባለ ፈረስ ሀብታም አድርጎ መሳልም ፍትሐዊ አይደለም። ከእነሱ ውስጥ ልቤን የሚነካው ሰው በኪራይ መሬት የሚያርሰው ገበሬ ነው። በዚህ አገር ብዙ ገበሬ መሬቱ የራሱ አይደለም፤ ከባለቤቱ በዓመት ኪራይ ይዞ በቆሎና አኩሪ አተር ያመርታል። የፀሐይ ኩባንያ ሲመጣ ገበሬው ከሚከፍለው ብዙ እጥፍ የሚሆን ኪራይ ለባለ መሬቱ ያቀርባል፤ ውሉም ለሃያና ለሠላሳ ዓመት ነው። ባለ መሬቱ ሽማግሌ ከሆነ፣ ልጆቹም እርሻ ትተው ከተማ ከገቡ፣ ምን ይላል? «እንኳን መጣችሁ» ነው የሚለው። አራሹ ማሽኑን ሰብስቦ ሌላ መሬት ፍለጋ ይሄዳል። ይህን ታሪክ ለኢትዮጵያዊ ማስረዳት አያስፈልግም። ባለርስትና ጭሰኛ የሚሉትን ቃላት ወላጆቻችን ኖረዋቸዋል፤ በአገራችን አቆጣጠር የካቲት 25 ቀን 1967 የታወጀው አዋጅ ለምን ያን ያህል ሕዝብ አደባባይ እንዳስወጣ እናስታውሳለን፤ በኋላ መሬቱ ከባለርስት ወጥቶ ለአራሹ ሳይሆን ለመንግሥት መቅረቱ ሌላ ጉዳይ ነው።

ስለዚህ ደንቡ ስለ አፈር ደረጃ ብቻ ማውራቱን ትቶ ስለ አራሹም ማውራት ነበረበት። ለምሳሌ ጣቢያው የሚተከልበትን መሬት ሲያርስ የቆየ ተከራይ ካለ በቂ ጊዜ ማስጠንቀቂያ ይሰጠው፤ ካሳ ይታሰብለት፤ ከፓነሉ ሥር በግ የሚሰማራ ከሆነ ቅድሚያ ለእሱ ይሁን ማለት ይቻላል። ይህን የሚል ደንብ በካውንቲያችን አላየሁም። አፈሩ ጠበቃ አገኘ፣ ባለ መሬቱ ጠበቃ አለው፣ ኩባንያው ሞልቶታል። አራሹና የአፓርትመንት ተከራዩ ግን ሁለቱም ባዶ እጃቸውን ናቸው። አንድ ቀን እነዚህ ሁለቱ በአንድ ጠረጴዛ ቢቀመጡ የሚገርም ነገር ይወጣ ነበር።

«ፓነሉ ጣሪያና ፓርኪንግ ላይ ይሁን፣ እርሻውን ተውት» የሚለው ክርክር ጥሩ ክርክር ነው፤ ግማሹን እቀበላለሁ። የፓርኪንግ ሥራ ያልነካካው ሐበሻ በዋሽንግተን አካባቢ ጥቂት ነው፤ በበጋ ፀሐይ አስፋልቱ ላይ የቆመ ሰው ከራሱ በላይ ጥላ ቢኖር ምን እንደሚል መገመት አያቅትም። ፈረንሳይ በ2023 ባወጣችው ሕግ ከ1,500 ካሬ ሜትር በላይ የሆነ ክፍት መኪና ማቆሚያ ግማሹን በፀሐይ ፓነል እንዲሸፍን አዛለች። ሜሪላንድም ይህን ብታደርግ እደግፋለሁ። በሌይተንስቪል አጠገብ የተዘጋውን የኦክስ ቆሻሻ መጣያ ለፀሐይ ጣቢያ ማዋልም የሚመሰገን ሐሳብ ነው፤ ቆሻሻ የተቀበረበት መሬት በቆሎ አያበቅልም። ይሁን እንጂ መኪና ማቆሚያ ላይ ለመትከል ረጅም የብረት ጣሪያ መሥራት ስለሚያስፈልግ ወጪው ከሜዳው ይበልጣል። የመጋዘን ጣሪያ ባለቤት አለው፤ እሺ ካላለ አይሆንም። የአፓርትመንታችንንም ጣሪያ እኛ አናዝበትም። ሜሪላንድ በ2030 ከምትጠቀመው መብራት 50 በመቶው ከታዳሽ ምንጭ፣ ከዚያም ውስጥ 14.5 በመቶው ከፀሐይ እንዲሆን በሕግ ቃል ገብታለች። በጣሪያ ብቻ እዚያ ይደረሳል የሚል ሰው ሒሳቡን ያሳየን።

ካውንቲዎች እንዲህ ሲያጠብቁ ስቴቱ ዝም አላለም። ዋሽንግተን ካውንቲ ውስጥ (ከተማዋ አይደለችም፣ በምዕራብ ሜሪላንድ ያለችው ናት) ፔሬኒያል ሶላር የሚባል ኩባንያ 10 ሜጋዋት ጣቢያ ሊተክል ሲል ጎረቤቶቹና ካውንቲው ተቃወሙ። ጉዳዩ እስከ ሜሪላንድ የመጨረሻው ፍርድ ቤት ደርሶ በጁላይ 2019 ተወሰነ። ውሳኔው ከ2 ሜጋዋት በላይ ለሆነና የስቴት ፈቃድ ለሚያስፈልገው ጣቢያ የመጨረሻው ቃል የካውንቲው ዞኒንግ ሳይሆን የስቴቱ የሕዝብ አገልግሎት ኮሚሽን ነው የሚል ነው። ኮሚሽኑ የካውንቲውን አስተያየትና ማስተር ፕላን በጥሞና ማየት አለበት፤ መታሰር ግን የለበትም። ከዚህ የሚመጣውን ቀልድ አስተውሉ። 2 ሜጋዋት የሆነ ትንሽ ጣቢያ የካውንቲውን ደንብ ሁሉ ሊያሟላ ግድ ሲሆን፣ ያው ኩባንያ ትንሽ አስፍቶ 3 ወይም 4 ሜጋዋት ቢያደርገው ጉዳዩ ከካውንቲው እጅ ወጥቶ ባልቲሞር ይሄዳል። ደንቡ ያጠበቀው ትንሹን ነው፣ ትልቁን ለቀቀው።

በ2025 ደግሞ የስቴቱ ምክር ቤት ከአንድ ሜጋዋት በላይ ለሆኑ ጣቢያዎች በመላው ሜሪላንድ አንድ ወጥ መመዘኛ አወጣ። ከጎረቤት ድንበር ቢያንስ 100 ጫማ፣ ከመኖሪያ ቤት ግድግዳ ቢያንስ 150 ጫማ መራቅ አለበት፤ አጥርና ዛፍ ያስፈልገዋል፤ ይህን ያሟላን ጣቢያ ካውንቲ በዞኒንግ ሊያግድ አይችልም። ቅድሚያ ጥበቃ የሚሰጠው የእርሻ ክልል ውስጥ ደግሞ የፀሐይ ጣቢያ ከ5 በመቶ በላይ እንዳይዝ ገደብ ተበጅቷል። በዚህ ሕግ ላይ ልቤ ለሁለት ተከፍሏል። ካውንቲዎች በሰበብ በሩን እንዳይዘጉ ማድረጉ ደስ ይለኛል። 5 በመቶውም ሚዛናዊ ነው። ነገር ግን የአጥቢያው ሰው ሊናገርበት የሚችለውን ጉዳይ ወደ ላይ በወሰዱት ቁጥር ደስታዬ ይቀንሳል። ዛሬ ለፀሐይ የተወሰደው ሥልጣን ነገ ለሌላ ነገር ይወሰዳል። ዲከርሰን ላይ በተዘጋው የከሰል ጣቢያ ቦታ የዳታ ሴንተር ዕቅድ ቀርቧል፤ እሱንም «ስቴቱ ያውቅላችኋል» ቢሉን ምን ልንል ነው?

ፖቶማክን ተሻግራችሁ በአሌክሳንድሪያና በስፕሪንግፊልድ ለምትኖሩ፣ የእናንተ ነገር ይለያል። ቨርጂኒያ ውስጥ ካውንቲው በልዩ ፈቃድ ይወስናል። ስፖትሲልቬኒያ ካውንቲ በ2019 ከ6,000 ኤከር በላይ በሆነ ይዞታ ላይ 500 ሜጋዋት ፈቅዶ፣ ጎረቤቶች ለወራት ተከራክረውበት ነበር። ከዚያ ወዲህ ገደብ ያበጁና በሩን ያጠበቡ ካውንቲዎች ብዙ ናቸው። በ2020 የወጣ ሕግ ግን ካውንቲዎች ለእያንዳንዱ ሜጋዋት በዓመት እስከ 1,400 ዶላር እንዲያስከፍሉ ፈቀደ፤ 100 ሜጋዋት ጣቢያ በዚህ ጣሪያ 140,000 ዶላር ያስገባል። ለአንድ ገጠር ካውንቲ ትምህርት ቤት ቀላል ገንዘብ አይደለም። ሜሪላንዶች ይህን ቢያዩት አይጎዳም።

ጊዜም አላጣን ማለት አይቻልም። በጁላይ 4 ቀን 2025 የተፈረመው የፌዴራል ሕግ ለፀሐይ ጣቢያዎች የሚሰጠውን የታክስ ቅናሽ አሳጥሮታል። እስከ ጁላይ 4 ቀን 2026 ግንባታ ያልጀመረ ጣቢያ ቅናሹን ለማግኘት እስከ 2027 መጨረሻ ሥራ መጀመር አለበት። አንድ ዓመት የሚፈጅ የዞኒንግ ክርክር ከዚህ በኋላ መዘግየት ብቻ አይሆንም፤ ጣቢያውን ይገድለዋል፣ ካልገደለውም ዋጋውን ከፍ ያደርገዋል። ያ ዋጋ ደግሞ ቅናሽ ተብሎ ለእኛ ከሚተርፈው ላይ ነው የሚነሣው።

እንግዲህ ቤተ ክርስቲያኖቻችን፣ መስጊዶቻችን፣ ዕድሮቻችን፣ የስፖርት ክለቦቻችን አንድ ሰው ይመድቡ እላለሁ። ሥራው በወር አንድ ጊዜ የካውንቲውን ምክር ቤትና የፕላን ቦርዱን አጀንዳ አይቶ፣ የፀሐይ ጣቢያም ሆነ ሌላ የመሬት ጉዳይ ሲኖር ለአባላቱ መንገር ነው። ከስቴቱ ኮሚሽንም የሚመጣ አለ፤ ኮሚሽኑ ባልቲሞር ቢቀመጥም ጣቢያው በሚተከልበት አካባቢ የሕዝብ አስተያየት ይሰማል። አስተርጓሚ የሚያስፈልጋቸው እናቶችና አባቶች ካሉ አስቀድሞ ማመልከት ነው። ንግግሩ የተራቀቀ እንዲሆን አይጠበቅም። ስም፤ የሚኖሩበት ሰፈር፤ ተከራይ መሆን፤ ያለፈው ክረምትና የዘንድሮው ቢል ጎን ለጎን ስንት እንደሆነ፤ ከዚያም ሦስት ነገር መጠየቅ። ለዝቅተኛ ገቢ የሚመደበው ድርሻ ከ40 በመቶ ከፍ ይበል፤ ምዝገባው በአማርኛም ይሁን፤ ኩባንያው ዕድሜው ያለቀ ፓነል ነቅሎ መሬቱን እንዲመልስ የሚያስገድድ መያዣ ገንዘብ አስቀድሞ ያስቀምጥ። ጊዜ ከተረፈ የተከራዩን ገበሬ ነገር ማንሳት ነው። ከኋላ ወንበር ላይ ባርኔጣውን ጭኑ ላይ አድርጎ የተቀመጠው እሱ ሊሆን ይችላልና፣ ስትወጡ ሰላም በሉት።